ያውቁ ኖሯል? የስልክዎ ዋና አዛዥ ማን ነው?

በዓለም ገበያ የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ባለቤቱ የጻፈውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይፈጽም እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ስልኩ ኤችቲሲ ሠርቶት ቲ ሞባይል በ2008 አሜሪካ ውስጥ የሸጠው ጂ ዋን ነው። (በዚህ አምድ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ተጠቃሚ ስልኩን አጥፍቶ ካስነሣ በኋላ ፍቅረኛው «ለምን አትመልስልኝም?» ስትለው «ሪቡት» ብሎ ይጽፍላታል። ወዲያው ስልኩ ዓይኑ እያየ ድርግም ብሎ እንደገና ተነሣ። ለካስ በፊደል ገበታው የሚመታው ሁሉ መልእክቱ ላይ ከመውጣቱ ሌላ ከጀርባ ወደተደበቀ የትእዛዝ መስመርም ይሄድ ኖሯል። ያ መስመር ደግሞ የስልኩን ሙሉ ሥልጣን የያዘ ነበር። ጉግል ቶሎ ብሎ ደፈነው። እስኪደፈን ድረስ ግን የጂ ዋን ባለቤቶች ዛሬ ብዙ ሰው ላፕቶፕና ኬብል ይዞ የሚደክምበትን ነገር በጣታቸው ብቻ አግኝተውት ነበር።

ያ ሥልጣን ሩት ይባላል። አንድሮይድ የቆመው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ላይ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ አስተሳሰቡን የወረሰው በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ከተወለደው ከዩኒክስ ነው። በዚህ ዘር ውስጥ ያለ ማንኛውም ማሽን ተጠቃሚዎቹን በቁጥር ያውቃቸዋል። ዜሮ ቁጥር የተሰጠው ተጠቃሚ ሩት ነው፤ «አይቻልም» አይባልም። ሌላው ሁሉ ተፈቅዶለት ነው የሚኖረው።

ስልክዎ ላይ ያሉት አፖችም እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ሰው የራሳቸው ቁጥር እንዳላቸው ያውቁ ኖሯል? ቁጥሩ የሚጀምረው ከ10000 ነው። ቴሌግራም አንድ ቁጥር አለው፣ ዋትስአፕ ሌላ፣ የባንክዎ አፕ ሌላ። አንዱ የሌላውን ጓዳ ከፍቶ ማየት የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሩት ግን የሁሉንም ጓዳ ይከፍታል። ስልኩን በገንዘብዎ ለገዙት ለእርስዎ ደግሞ ይህ ቁጥር አልተሰጠዎትም። ኪራይ ከፍሎ እንደሚኖር ሰው ነዎት፤ ዕቃዎን ያስገባሉ፣ መጋረጃ ይቀይራሉ፣ ግድግዳ ማፍረስ ግን አይፈቀድልዎትም። ሩት ማድረግ የአከራዩን ቁልፍ መውሰድ ነው።

ጁባ ውስጥ ጀበል ገበያ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ከሌላው ቀድማችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ከ2005ቱ የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ የገባው ኢትዮጵያዊ ሆቴል ከፈተ፣ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ሱቅ ከፈተ፤ ከቤተሰብ ጋር የሚገናኝበት፣ ሐዋላውን የሚከታተልበት፣ ዋጋ የሚጠይቅበት ሁሉ በስልክ ሆነ። በጀበል ኩጁር አቅጣጫ፣ በዬይ መንገድ ገበያው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ያገለገለ ስልክ ታሪኩን ተናግሮ አይሸጥም። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ጥያቄ «ሩት ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ?» ከሚለው ትንሽ ዞር ይላል። ከእርስዎ በፊት ያደረገው ሰው አለ ወይ?

መጀመሪያ ግን ሞባይል ሠሪ ዘንድ የሚደባለቁ አራት ሥራዎችን እንለይ፤ አራቱም «ስልኩን መክፈት» እየተባሉ ዋጋ ይጠራባቸዋልና። ከአንድ ኩባንያ ሲም ጋር የታሰረን ስልክ ለዘይንም ለኤምቲኤንም እንዲሠራ ማድረግ አንድ ነገር ነው። የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንት ቀርቶበት «ግባ» እያለ የሚያስቸግረውን ስልክ ማለፍ ሌላ ነው፤ ይህ መቆለፊያ ከ2015ቱ አንድሮይድ 5.1 ጀምሮ የመጣ ሲሆን ሌባን ለማስቸገር የታሰበ ነው። ፍላሽ ማድረግ ሶፍትዌሩን ከሥሩ ጠርጎ እንደገና መጫን ነው። ሩት ማድረግ ከሦስቱም ይለያል። አንዱን ጠይቀው ሌላው ተሠርቶልዎት ቢወጡ ልዩነቱን የሚነግርዎ የለም።

ኢትዮጵያውያን ስልካቸውን ሩት ካደረጉባቸው ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ «ሀሁ» እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ የዓለም ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ግን ፊደሉን የሚሥል ፎንት በውስጣቸው አልነበረም። ከአዲስ አበባ የተላከ የአማርኛ መልእክት በባዶ ሣጥን ሰልፍ ይደርሳል። የአማርኛ ኪቦርድ መጫን ይቻላል፤ የጻፉት ነገር ግን ለራስዎም ሣጥን ነው። ፎንቶቹ የሚቀመጡት በሲስተሙ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ መጻፍ የሚችለው ደግሞ ያው ዜሮ ቁጥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ለማስገባት ሲባል የስልኩ ሥልጣን በሙሉ ይሰበር ነበር። ሩት ይደረጋል፣ ነባሩ ፎንት ይነሣል፣ ግዕዝ ያለበት በስሙ ይተካል፣ ስልኩ ጠፍቶ ይነሣል። ፋይሉ ከተበላሸ ደግሞ ስልኩ አርማው ላይ ተሰክቶ ይቀራል።

ሩት ያልደፈረው ሰው ሌላ ዘዴ ነበረው። ኦፔራ ሚኒ ላይ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ «ኦፔራ ኮንፊግ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ውስብስብ ፊደሎችን በሥዕል አድርገህ ላክልኝ የሚለውን ምርጫ ይከፍታል። የኦፔራ ሰርቨር ጽሑፉን ሥሎ ይልክለታል፤ አማርኛ በፎቶ መልክ ይነበባል ማለት ነው። እኔ አሁንም ይህን ዘዴ አደንቃለሁ። የጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ አፖች የሠሩ ልጆችም ፎንቱን በአፑ ሆድ ውስጥ ከተው ችግሩን ዘለሉት። በኋላ ጉግል ራሱ የግዕዙን ፎንት ከአንድሮይድ ጋር መላክ ጀመረና ይህ የሩት ምክንያት ሞተ። ብዙዎቹ የሩት ምክንያቶች የሞቱት እንዲሁ ነው፤ ስክሪን ፎቶ ማንሳት ሳይቀር አንድ ጊዜ ሩት ያስፈልገው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በ2020 ነሐሴ ወር ሴኪዩር ዲ የተባለው የሞባይል ማጭበርበር ተከታታይ ቡድንና ባዝፊድ ኒውስ አንድ ምርመራ ይፋ አደረጉ። ቴክኖ ደብልዩ ቱ የተባሉ ርካሽ ስልኮች ገና ከካርቶናቸው ሳይወጡ በውስጣቸው ትሪያዳና ኤክስ ሄልፐር የሚባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ተጭነውባቸው ተገኙ። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሌሎቹ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ላይ ይመዘግቡታል፤ ካርዱ ይበላል፣ ዳታው ያልቃል። ሴኪዩር ዲ ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ 2019 ባለው ጊዜ ብቻ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ጋር የተያያዙ 844,000 የማጭበርበር ሙከራዎችን አግጃለሁ ብሏል። የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን በበኩሉ ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የአንድ አቅራቢ ነው ሲል መልሷል።

ልብ ይበሉ፤ ትራንሽን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ2011 አዲስ አበባ ላይ ስልክ መገጣጠሚያ የከፈተ ኩባንያ ነው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ሦስቱም የእሱ ናቸው፤ ጁባ ላይም ሆነ መርካቶ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረው የሚያዩአቸው። ዋጋቸው ለብዙ ሰው ስልክ ማለት ምን እንደሆነ ያሳወቀ ነው። ለዚህም ነው ነገሩ የሚያሳዝነው። ሌባው የመረጠው ሌላ ስልክ የመግዛት አቅም የሌለውን ሰው ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች እንዴት ይሠሩ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ካስፐርስኪ በ2016 ትሪያዳን ሲገልጠው ያስደነገጠው አንድ ነገር ነበር። አንድሮይድ ላይ አፕ ሁሉ የሚወለደው ዛይጎት ከሚባል አንድ እናት ሂደት ነው። ትሪያዳ በሩት ሥልጣን ወደዚያ እናት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚወለደው አፕ ሁሉ እሱን በሆዱ ይዞ ይወለዳል። ኤክስ ሄልፐር ደግሞ በአጥፋኝ አልጠፋም ባይነቱ ታወቀ። ሲማንቴክ በ2019 ጥቅምት 45,000 ስልኮች ላይ መግባቱን ሲናገር፣ ሰዎች ስልካቸውን ፎርማት አድርገውም ተመልሶ እንደሚመጣ እያማረሩ ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው። ፎርማት የሚያጠፋው የእርስዎን ዕቃ ብቻ ነው፣ የሲስተሙን ክፍል አይነካም። ኤክስ ሄልፐር በአሮጌዎቹ አንድሮይድ 6 እና 7 ላይ ሩት ሥልጣን እየወሰደ ራሱን በዚያ ክፍል ይደብቃል፤ እንዳይሰረዝ የሚያደርግ ምልክትም በፋይሎቹ ላይ ይለጥፋል። እንዲህ ያለ ስልክ መድኃኒቱ ከታመነ ምንጭ በተገኘ ንጹሕ ሶፍትዌር ፍላሽ ማድረግ ነው። «ከታመነ ምንጭ» የሚለውን ሁለቴ ያንብቡት፤ ሞባይል ሠሪው ፍላሽ ላይ ይዞት የሚዞረው ፋይል ከየት እንደወረደ እሱም ላያውቅ ይችላል።

በአንድ ንክኪ ሩት የሚያደርጉ አፖች እንዳሉ ሰምተው ይሆናል። ኪንግ ሩትን የመሳሰሉት ናቸው። የሚሠሩት የስልኩን ሶፍትዌር ቀዳዳ እያነጣጠሩ ነው፤ ሌባ ፕሮግራሞችም የሚገቡት በዚያው ቀዳዳ ነው። ልዩነቱ ማን ፈቀደ የሚለው ብቻ ነው። በ2011 መጋቢት ድሮይድ ድሪም የተባለው በጉግል የራሱ ገበያ ላይ ከ50 በላይ አፖች ውስጥ ተደብቆ ሲገኝ፣ ስልኮቹን የሰበረበት መሣሪያ አፍቃሪዎች ለሩት ይጠቀሙበት የነበረው ያው መሣሪያ ነበር። በ2016 ኅዳር ቼክ ፖይንት ያጋለጠው ጉሊጋን ደግሞ አንድሮይድ 4 እና 5 የያዙ ስልኮችን በታወቁ የሩት ዘዴዎች እየሰበረ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የጉግል አካውንቶችን ሰርቋል።

ቀዳዳ ስንል ስንት ዓመት ተደብቆ ሊኖር ይችላል? ደርቲ ካው የተባለው የሊኑክስ ስሕተት በ2007 ገብቶ በ2016 ነው የተገኘው። ዘጠኝ ዓመት። በእነዚያ ዓመታት የተሠራ አንድሮይድ ሁሉ ይዞት ዞሯል።

ወደ አይፎን እንሻገር፤ እዚያ ሥራው ጄልብሬክ ይባላል። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 ሰኔ መጨረሻ ገበያ ላይ ዋለ፤ ሐምሌ ላይ አጥሩ ተሰበረ። ጆርጅ ሆትዝ የተባለ የ17 ዓመት የኒው ጀርሲ ልጅ በነሐሴ ስልኩን ከኤቲ ኤንድ ቲ ሲም ፈትቶ ለማንኛውም ኔትወርክ አደረገው። ከፈታቸው ስልኮች አንዱን የለወጠው በኒሳን 350 ዜድ መኪናና በሦስት አዳዲስ አይፎኖች ነው። ይህን ልጅ ያስታውሱት፣ እንመለስበታለን።

የአይፎን ሩት የይለፍ ቃል ለዓመታት በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? «አልፓይን» ነበር። ሰዎች ጄልብሬክ ካደረጉ በኋላ ከርቀት የሚያስገባ ፕሮግራም ይጭኑና ቃሉን ሳይቀይሩ ይተውታል። በ2009 ኅዳር አንድ የ21 ዓመት አውስትራሊያዊ በዚህ በር የሚገባ ትል ለቀቀ። የሠራው ጥፋት የስልኩን የጀርባ ሥዕል በዘፋኙ በሪክ አስትሊ ፎቶ መቀየር ነበር። ሌሎች ግን ተከትለውት ቀልድ ያልሆነ ነገር ይዘው መጡ።

አፕል ጄልብሬክን አጥብቆ ይቃወማል። ሆኖም የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ሐምሌ፣ የራስን ስልክ መስበር የቅጂ መብት ሕጉን መጣስ እንዳልሆነ በይኗል። ቤተ መጻሕፍት ስለ ስልክ መበየኑ የሚገርም ቢሆንም በዚያ አገር የቅጂ መብት ቢሮው ያለው በእሱ ሥር ነው።

በ2019 መስከረም ደግሞ አፕል ራሱ ሊጠግነው የማይችለው ቀዳዳ ወጣ። ቼክሜት ይባላል፤ ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን 10 ያሉትን ይመለከታል። ቀዳዳው ያለው ፋብሪካ ላይ ቺፑ ውስጥ በታተመ፣ በኋላ በማይታረም ኮድ ላይ ነው። ምንም አፕዴት አይደፍነውም። ዛሬም ጀበል ላይ አይፎን 10 የሚገዛ ሰው ይህን ቀዳዳ አብሮ ይገዛል። አይደንግጡ ግን፤ በዚህ ለመግባት ስልኩን በእጅ ይዞ በኬብል ማገናኘት ግድ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር። ሰው ሳይነካው፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ስልክን ሩት ማድረግ የመንግሥታት ገበያ ሆኗል። ዜሮዲየም የተባለው ኩባንያ በ2019 አንድም ንክኪ ሳይጠይቅ አንድሮይድን ለሚቆጣጠር ዘዴ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር እከፍላለሁ ብሎ ዋጋ አውጥቷል። በ2016 ነሐሴ የኤምሬትሱ የመብት ተሟጋች አሕመድ መንሱር ስልክ ላይ የደረሰው አጭር መልእክት ምሳሌ ነው። ሊንኩን ቢጫነው ኖሮ ሦስት ያልታወቁ ቀዳዳዎችን የሚያገናኝ ጥቃት አይፎኑን ከርቀት ጄልብሬክ አድርጎ ፔጋሰስ የተባለውን ሰላይ ሶፍትዌር ይጭንበት ነበር። አልተጫነውም፤ ለሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ላከላቸው። አፕል በዚያው ወር በ9.3.5 አፕዴት ሦስቱንም ደፈነ።

የእኛም ሰዎች ከዚህ ገበያ ውጭ አልነበሩም። ይኸው የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ በ2014 የካቲት፣ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሀኪንግ ቲም በተባለው የጣልያን ኩባንያ ሰላይ ሶፍትዌር እንደተጠቁ አወጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት አስተባበለ። በ2015 ሐምሌ ሀኪንግ ቲም ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ሰነዱ አደባባይ ሲዘረገፍ ግን የመንግሥቱ የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም ኢንሳ ደንበኛው እንደነበር የሚያሳዩ ወረቀቶች አብረው ወጡ። የኢሳት ሰዎች የተጠቁት በኮምፒውተር ነበር። በተዘረገፈው ክምር ውስጥ ግን አንድሮይድ ስልክን ሩት አድርጎ የሚገባው ክፍልም ተገኘ። ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ ታወል ሩት ነበር። ይህን በ2014 ሠርቶ ለሕዝብ በነጻ ያቀረበው ማን መሰለዎት? ያ ስልኩን በመኪና የለወጠው ጆርጅ ሆትዝ ነው። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከሀኪንግ ቲም የተዘረገፈ ኮድና ታወል ሩት ተጣምረው በ2016 ሚያዝያ ወንበዴዎች እጅ ገቡና ስልክ እየቆለፉ 200 ዶላር የአይቱንስ ካርድ ማስከፈያ ሆኑ። አፍቃሪው ስልኩን ለማሳመር፣ ሰላዩ ለመሰለል፣ ወንበዴው ለመዝረፍ፤ ሦስቱም በአንድ መሣሪያ።

ጁባ ላይ ግን ሥጋቱ ሁልጊዜ ከሩት አይመጣም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2021 የካቲት ባወጣው ሪፖርት፣ ቬሪንት የተባለው ኩባንያ የእስራኤል ቅርንጫፍ ቢያንስ ከ2015 እስከ 2017 ለደቡብ ሱዳን የስልክ መጥለፊያ መሣሪያ እንዳቀረበ ገልጿል። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያዳምጠው ኔትወርኩ ላይ ስለሆነ የስልክዎ ሩት መሆንና አለመሆን ለውጥ አያመጣም። «ስልኬን ሩት አድርጌ ጥበቃ ጫንሁ» የሚል ሰው ተራ ጥሪው በሌላ መንገድ እንደሚሄድ ይወቅ።

በ2025 ጥር ደግሞ ደቡብ ሱዳን ፌስቡክና ቲክቶክን እስከ 90 ቀን ዘግቼአለሁ ብላ ነበር፤ ሱዳን ውስጥ ዋድ መደኒ ላይ በደቡብ ሱዳናውያን ላይ የደረሰው ግድያ ቪዲዮ ጁባን ካናወጠ በኋላ ነው። እገዳው ሳምንት ሳይሞላው ተነሣ። ኢትዮጵያም በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብን ገድባ ቆይታለች። እንዲህ ያለ ጊዜ ቪፒኤን በሼር ኢትና በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ይዘዋወራል። አንድ ነገር ያስተውሉ። ቪፒኤን ለመሥራት ሩት አያስፈልገውም። «ሩት ፍቀድልኝ» የሚል ቪፒኤን ካገኙ ወዲያው ይሰርዙት።

ሩት የተደረገ ስልክ ላይ ብዙ የባንክና የገንዘብ አፖች ለምን እንደማይከፈቱ ያውቁ ኖሯል? አፑ ለጉግል «ይህ ስልክ እንደ ፋብሪካው ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አይደለም» ከሆነ በሩን ይዘጋል። ጁባ ውስጥ በኤም ጉሩሽ፣ አገር ቤት በቴሌብርና በባንክ አፕ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው የመጀመሪያ ጭንቀቱ ይህ መሆን አለበት። ይህን ምርመራ የሚያታልል ዘዴ አለ፤ ማጂስክ በተባለው መሣሪያ ሲስተሙን ሳይነኩ ሩት ማድረግ ይቻላል። ሠሪው ጆን ዉ የሚባል የታይዋን ልጅ ነው፤ በ2016 ጀምሮት በ2021 ጉግል ራሱ ለአንድሮይድ ደኅንነት ቡድኑ ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ ድብብቆሹ እየከበደ ሄዷል። የእኔ ፍርድ አጭር ናት። ገንዘብ ያለበት ስልክ ላይ ሩት አይሞከር፤ መሞከር ካማረዎ መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ስልክ አለዎት።

ሳምሰንግ ስልኮች ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የምትቃጠል ፊውዝ አለች። ከ2013ቱ ጋላክሲ ኖት 3 ዘመን ጀምሮ ኖክስ የሚባለው ጥበቃ ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነው። ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ሲነሣ ትቃጠላለች፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር ቢመልሱትም አትታደስም። ምስጢራዊ ፎልደሩ ለዘለዓለም ይዘጋል። ያገለገለ ሳምሰንግ ሲገዙ ሻጩ ምንም ቢምል ይህች ፊውዝ አትዋሽም።

ቡትሎደር መክፈት፣ ማለትም ስልኩ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራውን ፕሮግራም መቆለፊያ መፍታት፣ የስልኩን ፎቶና ሰነድ ሁሉ እንደሚያጠፋስ? ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አለዚያ ስልክዎን ከቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ የነጠቀዎ ሌባ ቡትሎደሩን ከፍቶ ፎቶዎን ሁሉ ያየው ነበር። ሁዋዌ በ2018 የመክፈቻ ኮድ መስጠቱን ጭራሽ አቁሟል፤ ሻዎሚ ደግሞ ለጠየቀው ሰው ቀናት ያስጠብቃል።

ወደ አገር ቤት ስልክ ይዞ የሚሄድ ሰው ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ብሎ ይደውል። የሚወጣው 15 አሃዝ አይኤምኢአይ የስልኩ መታወቂያ ነው። በሚዲያቴክ ቺፕ የሚሠሩ ርካሽ ስልኮች በማይመጥናቸው ፋይል ፍላሽ ሲደረጉ ይህ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል፤ ስልኩ ይነሣል፣ ኔትወርክ ግን አይዝም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ያልተመዘገቡ ስልኮችን በዚሁ ቁጥር የሚለይ ሥርዓት ዘርግቶ ብዙ ሰው እንደተጉላላ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በሌላ ስልክ ቁጥር የተተካለት ስልክ ደግሞ የባሰ ነው፤ ብዙ አገር ውስጥ ወንጀል ነው፣ ፖሊስም የመጀመሪያውን ስልክ ሲፈልግ የሚያገኘው እርስዎን ነው።

ሩት ፈላጊ ሁሉ በእርግጥ ሩት አያስፈልገውም። ዳታ የሚበሉ አፖችን ለማገድ ከሆነ ኔትጋርድ የተባለው አፕ ያለ ሩት ያግድልዎታል፤ በዳታ ዋጋ ለተማረረ የጁባ ሰው ይህ ብቻውን ብዙ ነው። ከፋብሪካ የመጡና የማይጠፉ አፖችን ለማንሣት ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ይንኩት፤ የተደበቀው የገንቢዎች ምርጫ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተርና በኬብል ለእርስዎ ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ስልኩን ፎርማት ቢያደርጉ ይመለሳሉ። በተቃራኒው ኩባንያው አፕዴት መላክ ያቆመበት ስልክ ካለዎትና ሊኒጅ ኦኤስ የሚደግፈው ከሆነ ቡትሎደሩን ከፍቶ እሱን መጫን ሞኝነት አይደለም፤ ሲያኖጅን ሞድ የሚባለው ፕሮጀክት በ2016 መጨረሻ ሲፈርስ ከአመዱ የተነሣ ነው። ቴክኖና አይቴል ግን ዝርዝሩ ላይ አይጠብቁ።

ጀበል ገበያ ያገለገለ ስልክ የሚገዙ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት አጥፍተው ያስነሡት። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ዓይንዎን ከስክሪኑ አይንቀሉ። ቡትሎደሩ የተከፈተ የሚዲያቴክ ስልክ «ኦሬንጅ ስቴት» የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ለአምስት ሰከንድ ያህል አሳይቶ ነው የሚነሣው። ጽሑፉን ካዩት ስልኩን ይመልሱ። ካላዩት ፕሌይ ስቶር ይክፈቱ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስልኩ በፕሌይ ፕሮቴክት የተረጋገጠ መሆኑን ያንብቡ፣ አይኤምኢአዩን ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩ። ሻጩ «እኔ ሠርቼ እሰጥሃለሁ» ካለም እንቢ ይበሉ፤ ሌላ ስልክ ይጠይቁ።